ፀሐይ የማታየው በረዶ፦ አየር በሌላቸው ዓለማት ላይ ስለሚገኝ ውሃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር የጨረቃ በረዶ ነገር በተነሣ ቁጥር የተማሪዎቼ ጥርጣሬ የሚመነጨው ከከተማችን ሙቀት ነው። ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እንኳ ላብ የሚያጠምቀው ሰው፣ ጥላ ብቻውን በረዶን ለቢሊዮን ዓመታት ያቆያል ቢሉት ለማመን ይቸገራል፤ አይፈረድበትም።

«ቀን ላይ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ዓለም በረዶ አይኖርም።» የድሬዳዋ ጥላ የሚሞቀው ፀሐይ ካጋለችው አስፋልትና ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አየሩ ሙቀቱን ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው። ጨረቃ ላይ ግን ሙቀትን ወደ ጥላ የሚያሻግር አየር የለም፤ ብናኝ አፈሯም ሙቀትን እጅግ በዝግታ ነው የሚያስተላልፈው። በተጨማሪም እኛ ዘንድ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ ቀትር ላይ በአናታችን ትክክል ስትቆም የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይጠፋል፤ የጨረቃ ዛቢያ (የምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር) ግን ያዘነበለው በ1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በዋልታዎቿ ፀሐይ አድማሱን ታክካ ትዞራለች እንጂ ከፍ አትልም። በደቡብ ዋልታ እንደሚገኘው፣ 21 ኪሎ ሜትር ስፋትና 4 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት እንዳለው ሻክልተን ያሉ ጉድጓዶች ወለላቸው ከፀሐይ የተሰወረው በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለው ኸርማይት ውስጥማ ከዜሮ በታች 247 ዲግሪ ገደማ ተለክቷል።

«በረዶው ያለው በጨረቃ ጨለማ ገጽ ነው።» ሁልጊዜ ጨለማ የሆነ ገጽ የለም፤ ከእኛ የተሰወረው ገጽም እንደሚታየው ሁሉ ቀንና ሌሊት ይፈራረቁበታል።

«ከዜሮ በታች ከቀዘቀዘ በረዶው ባለበት ይቆያል።» ይህ ስህተት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። አየር በሌለበት ቦታ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ይሆናል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 163 ዲግሪ ሲደርስ ግን ብክነቱ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ እንኳ እጅግ ጥቂት ብቻ ይሆናል። በረዶው እንዴት እንደሚጠራቀም ለማየት የሰፈር ሱቅ ፍሪዘርን መክፈት ይበቃል። ባለሱቁ በየጊዜው በቢላዋ የሚፍቀውን ነጭ አመዳይ ግድግዳው ላይ ያፈሰሰው የለም፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የገባው እርጥበት ራሱ እጅግ ቀዝቃዛውን ቦታ አግኝቶ ያዘው። ጨረቃ ላይም ጭራታም ኮከቦችና አስትሮይዶች ያመጡት፣ እንዲሁም የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚወጣ የቅንጣቶች ፍሰት) ሃይድሮጅን ከማዕድናት ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው የውሃ ሞለኪውል ከቦታ ቦታ ይዘላል። አብዛኛው በመንገድ ላይ በፀሐይ ብርሃን ተበታትኖ ወይም ወደ ሕዋ አምልጦ ይቀራል፤ ጥላው ውስጥ የወደቀው ግን ዳግም ለመነሣት የሚበቃ ሙቀት አያገኝም።

«ለፀሐይ በጣም የቀረበችው ሜርኩሪ በረዶ ሊኖራት አይችልም።» ቀኗ 430 ዲግሪ ቢደርስም ዛቢያዋ ቀጥ ያለ በመሆኑ የዋልታ ጉድጓዶቿ እንደ ጨረቃ ዘላለማዊ ጥላ አላቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. ከምድር የተላከ ራዳር እዚያ የበረዶ ምልክት የሆነ ደማቅ ነጸብራቅ አገኘ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜሴንጀር የተሰኘችው መንኩራኩር የሰበሰበችው መረጃ ውሃ መሆኑን አጠናከረ።

«ጨረቃ ላይ ያለው በረዶ እንደ ሐይቅ የተንጣለለ ነው።» በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. የናሳ ተልእኮ ባዶ የሮኬት አካል ካቢየስ ከተባለው ጉድጓድ ጋር አጋጭቶ በተነሣው ብናኝ ውስጥ 155 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ለየ። የተገመተው መጠን ከአፈሩ ክብደት 5.6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በእኛ መለኪያ ከአንድ ኩንታል አፈር አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ ማለት ነው፣ እሱም ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ።