ሕጋዊ እናትነት ምንድን ነው? ልጅ በተለገሰ እንቁላል ወይም በምትክ እናት ሲወለድ

ሕጋዊ እናትነት ማለት አንዲት ሴት የአንድ ልጅ እናት መሆኗን ሕግ ሲያውቅ የሚጸና ዝምድና ነው። ልጁን የማሳደግና ስለ ሕክምናው የመወሰን ሥልጣን፣ የውርስ መብት፣ ብዙ ጊዜም ዜግነት የሚመነጩት ከዚህ ዝምድና ነው። ያረገዘችው፣ የወለደችውና ልጁ በዘር የሚመዘዝባት ሴት አንዲት ብቻ በነበረችበት ዘመን «እናቱ ማን ናት?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አያከራክርም ነበር፤ ከሮማ ሕግ የወረደው ብሂልም እናት ሁልጊዜ የታወቀች ናት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ ከተወለደች በኋላ ግን እንቁላሉ ከአንዲት ሴት ተገኝቶ፣ ሌላዋ አርግዛው፣ ሦስተኛዋ ልጁን ልታሳድግ የምትችልበት መንገድ ተከፈተ።

አንዲት ሴት ሌሎች የሚያሳድጉትን ልጅ አርግዛ የምትወልድበትን፣ ብዙ ሰዎች «ማህፀን ማከራየት» የሚሉትን አሠራር እዚህ ላይ ምትክ እናትነት ብዬ የምጠራው፣ ያለ ክፍያ የሚያረግዙ ሴቶች ስላሉና የምታረግዘውን ሴት እንደሚከራይ ቤት መቁጠር ተገቢ ስለማይመስለኝ ነው።

አብዛኞቹ አገሮች እስካሁን የያዙት መሠረታዊ ደንብ የልጁ እናት የወለደችው ሴት ናት የሚለው ነው። በእንቁላል ልገሳ ጊዜ ይህ ደንብ ልጅ ለምትፈልገው ሴት ያደላል፤ እንቁላሉ የሌላ ሴት ቢሆንም አርግዛ የወለደችው እርሷ ስለሆነች ያለ ጉዲፈቻና ያለ ፍርድ ቤት እናት ትሆናለች። የእንግሊዝ የ2008 ሕግም ጽንሱን በማህፀኗ የተሸከመችው ሴት እንጂ ሌላ ሴት የልጁ እናት ተደርጋ እንደማትቆጠር በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ በልገሳ ረገድ ከባዱ ጥያቄ ልጁ ለጋሿን የማወቅ መብት አለው ወይ የሚለው ነው። በስፔን ልገሳው የተፈቀደ ቢሆንም የለጋሿ ማንነት በምስጢር ይጠበቃል። በእንግሊዝ ከኤፕሪል 1 ቀን 2005 ወዲህ የለገሰች ሴት ማንነት፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ከጠየቀ ይነገረዋል። በጀርመን በ1990 የወጣው የጽንስ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ልገሳውን ራሱን ይከለክላል። ወላጆች የሚታከሙበትን አገር ሲመርጡ ልጃቸው ወደፊት ስለ አመጣጡ ሊያገኘው የሚችለውንም መልስ አብረው እየመረጡለት መሆኑን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በክፍያና በወረፋ ጉዳይ ተወጥሮ ይህን መርሳት ቀላል ነውና።

በምትክ እናትነት ጊዜ ያው ደንብ ፊቱን ያዞራል። ጽንሱ ልጁን ከሚፈልጉት ባልና ሚስት የተገኘና ያረገዘችው ሴት ከልጁ ጋር ምንም የዘር ግንኙነት የሌላት ብትሆንም፣ ልጁ በተወለደ ሰዓት ሕጋዊ እናቱ እርሷ ናት፤ ሚስት በገዛ እንቁላሏ ለተፀነሰው ልጅ በሕግ ፊት ባዕድ ሆና ትጀምራለች። በእንግሊዝ ይህ የሚለወጠው ፍርድ ቤት በሚሰጠው የወላጅነት ትእዛዝ ነው። ምትክ እናቷ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላት የሰጠችው ፈቃድ አይጸናም፤ በመካከላቸው የተደረገውን ስምምነትም ፍርድ ቤት አስገድዶ አያስፈጽምም። ካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ ይዛለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1993 የዘር እናትነትና የመውለድ እናትነት በሁለት ሴቶች ላይ ሲከፈሉ፣ ልጁ እንዲወለድ ያሰበችውና ልታሳድገው የወጠነችው እናቱ ናት ሲል ወሰነ። ምትክ እናቷ በገዛ እንቁላሏ ስትፀንስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 እንዲህ ባለ ጉዳይ ውሉን ፈራሽ አድርጎ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር እንድትኖር ቢወስንም የወለደቻትን ሴት እናትነት አጽንቷል።

ድንበር ሲሻገሩ እነዚህ ደንቦች ይጋጫሉ፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው፣ ምክንያቱም የግጭቱ ዋጋ የሚከፈለው በሕፃኑ ነው። በ2008 በሕንድ ከምትክ እናት የተወለደች ሕፃን፣ ልጅ እንድትወለድላቸው ያሰቡት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ከመወለዷ በፊት በመፋታታቸው፣ የማን ልጅና የየት አገር ዜጋ እንደሆነች ሳይታወቅ ለወራት ቆይታ በመጨረሻ በሰብዓዊነት በተሰጣት ቪዛ ወደ ጃፓን ሄደች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 ፈረንሳይ በአሜሪካ ከምትክ እናት የተወለዱ ልጆች ከወላጅ አባታቸው ጋር ላላቸው ዝምድና ሕጋዊ እውቅና አለመስጠቷ የልጆቹን መብት ይጥሳል ብሏል፤ በ2019 በሰጠው ምክረ ሐሳብም ልታሳድጋቸው ካሰበችው እናት ጋር ያላቸው ዝምድና በሕግ የሚታወቅበት መንገድ ሊኖር እንደሚገባ፣ መንገዱ ግን ጉዲፈቻም ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በሌላ በኩል ታይላንድ በ2015 ለውጭ አገር ዜጎች በሯን ዘግታለች፤ ሕንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ በክፍያ የሚደረገውን ከልክላለች፤ ጣሊያን በ2024 ዜጎቿ በውጭ አገር ቢፈጽሙትም እንዲቀጡ ደንግጋለች። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ልጁ የሚያድግበት አገር ሕግ ነው፤ የሚወለድበት አገር ሕግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ክሊኒክም ሆነ አገናኝ ድርጅት የሚነግረው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ውል የልጁን ሕጋዊ እናት በራሱ ሊወስን ባይችልም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ የተረፉ ጽንሶች ምን እንደሚሆኑ፣ ባልና ሚስቱ በእርግዝናው መካከል ቢለያዩ ወይም ቢሞቱ ልጁን ማን እንደሚረከብ የሚጻፈው በውሉ ነው፤ ኑዛዜም አብሮ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ምትክ እናቷ በገዛ አካሏ ላይ የሚደረገውን ሕክምና የመወሰን መብቷ በውሉ መገደብ የለበትም፤ የሚያማክራት ጠበቃም የራሷ መሆን አለበት። የካሊፎርኒያ ሕግ ሁለቱ ወገኖች በተለያዩ ጠበቆች እንዲወከሉና ለእርግዝናው የሚሰጠው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ውሉ ተፈርሞ እንዲያልቅ ያስገድዳል። ሕጉ ይህን በማያስገድድበት አገርም ቢሆን ጥያቄዎቹን ሁሉ ማንሳት የሚሻለው በዚያው ጊዜ፣ ገና ጽንስ ሳይኖርና ሁሉም ወገን «አይሆንም» ማለት በሚችልበት ሰዓት ነው።