ኳንተም ኮምፒውቲንግን በራስ መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መጀመሪያ ኳንተም ፊዚክስ መጨረስ አለብኝ»
ለመጀመር አያስፈልግም። የሽሮዲንገርን እኩልታ ሳይነኩ ወራት መሥራት ይቻላል። የማይታለፈው ሊኒየር አልጀብራ ነው፦ ቬክተር፣ ማትሪክስ ማባዛት፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ከዚያ ቴንሰር ፕሮዳክት (ቬክተሮችን ወደ አንድ ትልቅ ቬክተር ማጣመሪያ)። ሰው የሚሰናከለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። የሁለት ኩቢት (ኩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሹ የመረጃ አሃድ ነው) ሁኔታ ለመገለጽ ለምን 4፣ የሦስት ኩቢት ለምን 8 ቁጥር እንደሚፈልግ በወረቀት ሳትሠሩ አትለፉ።

«ኩቢት 0ም 1ም ስለሆነ መልሶችን ሁሉ ባንዴ ይሞክራል»
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ግማሽ እውነት አለበትና። ኩቢት ሲለካ የሚሰጠው አንድ ቢት ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው የእያንዳንዱ ውጤት ዕድል በሚሰላበት፣ አምፕሊቲዩድ በሚባለው ቁጥር ላይ ነው፤ አሉታዊም ስለሚሆን እርስ በርሱ ይሰራረዛል። ሞክሩት፦ 0 ላይ ባለ ኩቢት ላይ ሃዳማርድ ጌት (ጌት በኩቢት ላይ የሚፈጸም አንድ ስሌት ነው) አንዴ አድርጋችሁ ብትለኩ 0 እና 1 እኩል በእኩል ይመጣሉ። ሳትለኩ ሁለቴ ብታደርጉት ግን ሁሌም 0 ነው። ሳንቲም ቢሆን ሁለተኛው ውርወራም ግማሽ በግማሽ በሆነ ነበር። እዚህ ወደ 1 የሚያደርሱት ሁለት መንገዶች ½ እና −½ ይዘው ይመጡና ዜሮ ይሆናሉ። መሃል ላይ ብትለኩ ግማሽ በግማሹ ይመለሳል።

ሁሉን ባንዴ መሞከር ቢቻል አንድ ዙር በበቃ ነበር፤ የእ.ኤ.አ. 1996ቱ የኳንተም መፈለጊያ ዘዴ፣ የግሮቨር አልጎሪዝም፣ ግን ከ1 ሚሊዮን አማራጭ አንዱን ለማግኘት 785 ዙር ያህል ይፈልጋል፤ ካለፈ ደግሞ የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል።

«ኳንተም ኮምፒውተር የለኝም»
ላፕቶፕ ይበቃል። ሲሙሌተር (ኳንተም ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ለአንድ አምፕሊቲዩድ 16 ባይት ከያዘ፣ 20 ኩቢት 16 ሜጋባይት፣ 30 ኩቢት ደግሞ 16 ጊጋባይት ይፈጃል። ለጀማሪ 5 ኩቢት በቂ ነው። አይቢኤም ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ እውነተኛ ማሽን በኢንተርኔት ከፍቷል፤ እዚያ በሁለት ኩቢት ላይ ሃዳማርድና ሲኖት (አንዱ ኩቢት 1 ሲሆን ሌላውን የሚገለብጥ ጌት) አከታትላችሁ 1000 ጊዜ ብታስኬዱ፣ ከሚጠበቁት 00 እና 11 መሃል ጥቂት 01 እና 10 ይሾልካሉ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ የኮዱ አይደለም።

«ኮዱ እምቢ ካለ አልገባኝም ማለት ነው»
ብዙ ጊዜ ያረጀው ትምህርቱ ነው። ኪስኪት (የአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ) በእ.ኤ.አ. 2024 ወደ 1.0 ሲሸጋገር ኮድ የሚያስኬደው «ኤክስኪዩት» የሚባለው ፈንክሽን ቀርቷል፤ ኤር የተባለው ሲሙሌተርም ለብቻው ይጫናል። ሌላው ወጥመድ ቅደም ተከተል ነው፦ ኪስኪት ኩቢት 0ን በቀኝ ዳር ይጽፋል። ሁለት ኩቢት ይዛችሁ ኩቢት 0 ላይ ኤክስ ጌት (0ን ወደ 1 የሚገለብጥ) አድርጋችሁ ሁለቱንም ብትለኩ 01 ይላል። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት በግራ ስለሚጽፉት የሲኖት ማትሪክሳችሁ ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው።