ስንቅና መዋጮ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ስለ ጦር ሜዳው ብዙ ተጽፏል። ስንቁን ማን ፈጨው፣ ብሩን ማን አዋጣው የሚለው ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። እዚህ የምናየው የከተማዋን ዳርቻ ነው፤ ቡራዩን፣ ሆለታን፣ ሱሉልታን፣ ሰበታን፣ አቃቂን። እህሉ ወደ ከተማ የሚገባውም፣ ዘማቹ ወደ ግንባር የሚወጣውም በእነዚህ በሮች ነው።

በዓድዋ ጊዜ መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ የሚባል ነገር የለም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ጭኖ ይወጣል፤ ሚስቱና አሽከሩ ይከተሉታል።

የተደራጀ ነገር የሚታየው ጣሊያን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1927 ተቋቋመ። በልዕልት ፀሐይ አስተባባሪነት የከተማዋ ሴቶች ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፉ ነበር። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ደግሞ ሥራው ተደብቆ ቀጠለ። የውስጥ አርበኞች የምንላቸው እነዚህን ነው፤ ጠላት መሃል ተቀምጠው ጥይት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና ወሬ በዳርቻው በኩል ወደ ዱር የሚያሾልኩ ጀግኖች። ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሳው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተመልሰውም ዝም አላሉም፣ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት ተሳተፉ። ዱር ያለው አርበኛ ባዶ ቀለህ እንኳ አይጥልም፤ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ መልሶ ይተኩስበታል።

በ1943 የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ ያ ግን የመንግሥት ወጪ ስለነበር ዳርቻውን ብዙም አልነካውም።

ብዙ የሚወራለት የደርግ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ገበሬ የሠለጠነው ከቡራዩ አጠገብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው፤ ስሙ የአፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ስም ነው፣ ደግሞም ያምርበታል። መንግሥት ሚሊሺያውን 300 ሺህ ነው ይል ነበር። ሰኔ 18 በአብዮት አደባባይ ሰልፍ ወጣ፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የተባለው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ማን ይቀልበው? መልሱ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር ነው። ሁለቱም በ1967 የተፈጠሩ ናቸው፤ ገበሬ ማኅበሩ በየካቲቱ የመሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ተደራጀ፣ ቀበሌው በሐምሌው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ስለዚህ መዋጮ ለመሰብሰብ አዲስ መሥሪያ ቤት አላስፈለገም፣ ቤት ለቤት የሚያውቅህ አካል አስቀድሞ አለ። ደመወዝተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ ገበሬው እህልና ከብት፣ ሴቶቹ ደግሞ በሶ ሲፈጩ፣ ቆሎ ሲቆሉ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሲያዘጋጁ ከረሙ። ምርጫው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ውኃ ካለ በቃ፤ ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ድርቆሽ ደግሞ እንጀራው ከደረቀ አይሻግትም።

በፈቃድ ነበር ወይስ በግዴታ? ሁለቱም ይባላል። በሙሉ ልቡ የሰጠው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አገር ተወርራ ነበር፣ ይህ አያጠያይቅም። ግን ደግሞ ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ አለማውጣት ቀላል አልነበረም። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል ሲበሰር እነዚያ በሶ ፈጪዎች የድሉ ባለቤቶች ነበሩ፣ ማንም ምን ቢል።

በ1990ው የኤርትራ ጦርነትም ያው የደመወዝ መዋጮና ደረቅ ስንቅ ተመለሰ።

በ2014፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ ስንቁ ግን አልተለወጠም፤ ሰንጋና ደም ልገሳ ተጨመረበት። የእርስ በርስ ጦርነት በመሆኑ አንዱ የሚኮራበትን ሌላው በሐዘን ያስታውሰዋል። በኅዳር መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭዱ ተደረገ።