የአየር ጥራት መከታተያ ጣቢያና የሕዝብ ጤና በጅማ

የአየር ጥራት መከታተያ ጣቢያ ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለውን ብናኝና ጋዝ በተከታታይ የሚለካ ተቋም ነው። ለጤና ቅድሚያ የሚሰጠው ፒኤም 2.5 ለተባለው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ለማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ አፍንጫ ስለማያስቀረው ሳንባ ጥልቅ ድረስ ዘልቆ አስምን ያባብሳል፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክም ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የብናኙ ዓመታዊ አማካይ ከ5፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በሥራ ላይ ነው።

ጅማ በጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ አዌቱ ወንዝ መሐሏን አቋርጧት የሚያልፍ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 120,960 ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ይታመናል። ረጅሙ ዝናብ ብናኙን አጥቦ ያወርድላታል። ችግሩ የሚብሰው በበጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲተኛ ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል። የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የባጃጅና የአይሱዙ ጭስ፣ የሚቃጠል ቆሻሻና የቡና ገለባ ሽታ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ እዚያው ታፍኖ ያድራል።

የጣቢያው ጥቅም የሚወሰነው በአተካከሉ ነው። አየር መሳቢያው ከመሬት ከ2 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ነፋስ ከየአቅጣጫው እንዲያገኘው ሆኖ ይቆማል። ከእንጀራ መጋገሪያ ጭስ ማውጫ አጠገብ የተተከለ መሣሪያ የሚለካው ያንን ማድ ቤት እንጂ ከተማዋን አይደለም። ዋናው መሣሪያ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር እየሳበ ብናኙን በማጣሪያ ጥቅል ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ቤታ የተባለውን ጨረር በጥቅሉ ላይ አሳልፎ፣ ጨረሩ በብናኙ ምን ያህል እንደተዳከመ በማየት ክብደቱን ያሰላል። ሴንሰር የሚባሉት ርካሽ ትንንሽ መለኪያዎች ግን የሚሠሩት ብናኙ የሚበትነውን ብርሃን በመለካት ነው። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ከእውነተኛው በላይ ያነባሉ፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥበታማ ከተማ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። መድኃኒቱ ሴንሰሩን ከዋናው መሣሪያ ጎን ለሳምንታት አቁሞ፣ በክረምትም በበጋም አነጻጽሮ ማስተካከያውን ማውጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መዝገቡ ይቋረጣል። ከ24 ሰዓቱ ቢያንስ 18ቱ ካልተመዘገበ የዕለቱ አማካይ ተቀባይነት ስለሌለው፣ ባትሪ ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል።

ሰዓትም ያሳስታል። ብዙ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት ከአገራችን ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ በመዝገቡ 16፡00 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሳይስተካከል ከተነበበ የእራት ማገዶ ጭስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተነሣ ይመስላል፣ ተጠያቂውም ትራፊክ ይሆናል።

አማካዩም ብቻውን በቂ አይደለም። ለምሳሌ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 80፣ በቀሩት 18 ሰዓታት 12 ማይክሮግራም ቢለካ የዕለቱ አማካይ 29 ይሆናል። ከመመሪያው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ አስም ያለበት ሰው የሚታፈንባቸውን ስድስት ሰዓታት ግን አያሳይም። ስለዚህ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት የሚላከው የየሰዓቱ ቁጥር መሆን አለበት። ቁጥሩ ሲያሻቅብ የጠዋት ስፖርት ይዘገያል፣ ቆሻሻ ማቃጠል ይከለከላል፣ የአስም ታካሚም መድኃኒቱን ከእጁ እንዳያርቅ ይነገረዋል። መዝገቡ ከሕክምና ካርዶች ጋር ሲገናኝ የትኛው ሰፈር በየትኛው ወር እንደሚጎዳ ይለያል። ለዚህ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውሕደት የተመሠረተው፣ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ አንቱ የተባለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከየቀበሌው ጋር የማገናኘት የቆየ ልምድ አለው።

የደጅ ጣቢያ ማድ ቤት ውስጥ ያለውን አያይም፤ እናቶችና ጨቅላ ሕፃናት ከፍተኛውን ጭስ የሚተነፍሱት ግን እዚያ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ትንሽ ሴንሰር ከምድጃው 1 ሜትር፣ ከወለሉ 1.45 ሜትር፣ ከበርና ከመስኮት 1.5 ሜትር ርቆ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ሳይቀር ቢያንስ 24 ሰዓት ይለካል።