የቴሌስኮፕ ሪዞሉሽን ምንድን ነው? በአልትራቫዮሌት የሚደረግ የጋላክሲ ቆጠራንስ እንዴት ያዛባል?

ሪዞሉሽን ማለት አንድ ቴሌስኮፕ እጅግ ተቀራርበው የሚታዩ ሁለት ነገሮችን ለይቶ የማሳየት አቅሙ ነው። የሚለካው በአርክሰከንድ ሲሆን፣ አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። የምድር ኦዞን ለዓይን ከማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ስለሚያስቀር ይህን ብርሃን የሚያነሱ ቴሌስኮፖች ከከባቢ አየር በላይ ይላካሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. የተላከው የናሳው አልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ ጋሌክስ ሪዞሉሽኑ 5 አርክሰከንድ ገደማ ነበር። በጨለማ ሜዳ ላይ በ2 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው የሚበሩ ሁለት ጧፎችን ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ቢመለከት አንድ ብርሃን አድርጎ ያያቸው ነበር፤ ሪዞሉሽኑ ከአንድ አርክሰከንድ በታች የሆነው ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ግን ያለ ችግር ይለያቸዋል።

ብርሃኑ 8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ ከደረሰን ጋላክሲ ዘንድ 5 አርክሰከንድ ወደ 130 ሺህ የብርሃን ዓመት የሚጠጋ ስፋት ይሸፍናል። ይህም የእኛን ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብን ሙሉ በሙሉ ይውጣል።

ጋላክሲዎች የሚቆጠሩት በድምቀት ደረጃ ተመድበው ነው። ሁለት ደብዛዛ ጋላክሲዎች ሲደራረቡ ከደብዛዞቹ ረድፍ ሁለት ይጎድላል፣ ከደመቁት ረድፍ ደግሞ በሌለ ጋላክሲ አንድ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ብዥታው ቁጥሩን ከመቀነስ አልፎ ጋላክሲዎቹ በየድምቀት ደረጃው ያላቸውን ስርጭት ቅርጽ ያጣምመዋል፤ እንደ እኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ነው፣ ምክንያቱም አልትራቫዮሌት በዋናነት ከወጣትና ግዙፍ ከዋክብት ስለሚመነጭ የከዋክብት ውልደት ታሪክ የሚነበበው ከዚሁ ስርጭት ነው።

በሌላ በኩል፣ ጥርት ያለ ምስልም የራሱ ወጥመድ አለው። ጠምዛዛ ጋላክሲ በአልትራቫዮሌት ሲታይ በክንዶቹ ላይ የተወለዱት ከዋክብት በክር እንደተሰካ ዶቃ ተበታትነው ይታያሉና፣ የቆጠራው ሶፍትዌር እያንዳንዱን ዶቃ ራሱን የቻለ ጋላክሲ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

ሐብል ጥርት አድርጎ ቢያይም በአንድ ጊዜ የሚያነሳው የሰማይ ቁራጭ በጣም ጠባብ ነው፤ ጋሌክስ ግን ከአንድ ዲግሪ በላይ ስፋት ያነሳ ስለነበር ብዥታውን ማረም እንጂ ምስሉን መጣል አይገባም። አንዱ መንገድ የጋላክሲዎቹን ቦታ በተራ ብርሃን ከተነሳ ጥርት ያለ ምስል ወስዶ የተደራረበውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ለየባለቤቱ ማከፋፈል ነው። ሌላው፣ በእውነተኛው ምስል ላይ ሰው ሠራሽ ጋላክሲዎችን በትኖ ሶፍትዌሩ ስንቱን እንዳገኘ ማየት ነው፤ ከ100 ውስጥ 70 ብቻ ካገኘ፣ በዚያ የድምቀት ደረጃ የተቆጠረው ቁጥር ለ0.7 ይካፈላል።