«ዛሬም ሲጫወት ነው የዋለው?»

የአንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ወላጅ ደብተር ገልብጦ ባዶ ገጽ ሲያገኝ ይህን ይጠይቀኛል። ጨዋታ ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ ነው የሚለውን መስማት እጅ እጅ ብሎኛል።

አፀደ ሕፃናት ራሱ በመጫወቻ ነው የተጀመረው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1837 የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሬብል ለልጆች ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ ከ8 ትናንሽ የእንጨት ኪዩቦች የተሠራ ትልቅ ኪዩብ ነው። ልጁ እኩል ሲከፍለው ግማሽ፣ ግማሹን ሲከፍል ሩብ፣ አንዷን ብቻ ሲያነሳ አንድ ስምንተኛ እጁ ላይ አለ። ከፍ ያለ ክፍል ደርሰው «8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል» የሚሉ ልጆች አሉ። ክፍልፋይን በቁጥር ብቻ እንጂ በእጃቸው አላገኙትም።

«ውድ መጫወቻ ካልሆነ አያስተምርም» ይባላል። አንድ ተማሪዬ ከሽቦና ከአሮጌ ሸበጥ የሠራት መኪና ሁልጊዜ ወደ ግራ ትሄድበት ነበር። መሪውን ደጋግሞ አቃና፤ አልሆነም። በኋላ ጎማዎቹን ነቅሎ ሲያነባብራቸው የግራው አንሶ ተገኘ። ሁለቱ ጎማዎች ዘንጉ ላይ ጠብቀው አንድ ላይ ስለሚዞሩ፣ ትንሹ በአንድ ዙር የሚሄደው አጭር ነው፤ መኪናዋም ወደ እሱ ትዞራለች። ክር አምጥተን ዙሪያውን ለካን፤ በጎማው መሃል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ወርድ ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ተረፈ። ፓይን፣ የክብ ዙሪያ የወርዱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር፣ ገና ስሙን ሳይሰማ አገኘው።

«መኪና መሥራት የወንድ ልጅ ጨዋታ ነው» ይባላል። አይደለም፤ ለሴት ልጃችሁም ስጧት።

«ሌጎ ገዝቼለታለሁ፣ በቃ» የሚሉም አሉ። ልጁ እነዚያን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች ሥዕሉን እያየ አንዴ ገጣጥሞ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጣቸው ጥቅማቸው ግማሽ ነው። ቀለማቸው አንድ የሆነ 6 ባለ ሁለት በአራት ጉብታ ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ፤ ስለዚህ አፍርሶ የራሱን ይሥራ። አጠገቡ ቁጭ በሉና «ከዚህኛው ስንት ይረዝማል? ሰፊውን ከሥር ብታደርገውስ?» በሉት። ግንቡ ሲናድ አታንሱለት፣ ለምን እንደወደቀ ይንገራችሁ። ደግሞ ከመሥራቱ በፊት ስንት ጡብ እንደሚፈልግ ይገምት፤ ሲጨርስ ይቁጠር።