ክሬዲት ስኮር ሲወርድ፦ በአሜሪካ ብድር እንዴት ይገኛል?

አሜሪካ ውስጥ ብድር የጠየቀ ሰው ስለ ደሞዙ ከመጠየቁ በፊት አንድ ቁጥሩ ይታያል። ክሬዲት ስኮር ይባላል፤ ብድርን እንዴት እንደሚከፍል የሚለካ ነጥብ ነው። አበዳሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ፋይኮ የተባለው ስኮር እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። በፋይኮ አመዳደብ ከ580 በታች ያለው ደካማ ነው።

ቁጥሩ ስለ ሰው ጨዋነት የሚናገረው ነገር የለም። ደሞዝም አይገባበትም። 35 በመቶው የሚመጣው እዳን በቀኑ ከመክፈል ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ከዕዳ መጠን፣ በተለይ ከተፈቀደልን የክሬዲት ካርድ ጣሪያ ምን ያህሉን እንደተጠቀምን ከማየት። ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ተበድሮ የማያውቅ ሰው ጭራሽ ስኮር ላይኖረው ይችላል፤ ይህም ለአበዳሪው ዓይን ብዙም አይጥምም።

ስኮሩ የወረደ ሰው ብድር ሊያገኝ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይወደድበታል። 5,000 ዶላር በ3 ዓመት የሚከፈል ብድር እንውሰድ። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው 161 ዶላር ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ወለዱም 808 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ወለዱ 30 በመቶ ሲሆን ግን በየወሩ 212 ዶላር ይከፈላል፤ ወለዱ ብቻ ከ2,600 ዶላር ያልፋል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ኤፒአር የሚባለውን የዓመት ወለድና ክፍያ መጠን፣ እና እስከ መጨረሻው የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ። “በወር ይህቺን ብቻ” የሚል አሻሻጭ ሲያጋጥማችሁ ጠቅላላውን ጠይቁት።

በጣም የሚያሳስበኝ ፔይዴይ ሎን የሚባለው፣ እስከሚቀጥለው ደሞዝ ድረስ የሚወሰደው አነስተኛ ብድር ነው። ስኮር አይጠይቅም፣ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። ለሰው ሲጨንቀው ደግሞ ፍጥነት ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በ100 ዶላር 15 ዶላር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በዓመት ሲሰላ 400 በመቶ ሊደርስ ምንም አይቀረው። 300 ዶላር የወሰደ ሰው በሁለት ሳምንቱ 345 ዶላር ከሌለው፣ ማራዘም በተፈቀደበት ግዛት 45 ዶላር ከፍሎ ቀኑን ያራዝማል። አራት ጊዜ ካራዘመ 180 ዶላር ከፍሏል፤ 300ው ግን አንድ ሳንቲም አልተነካም። ኒውዮርክን የመሳሰሉ ግዛቶች ይህን ብድር ከልክለዋል። የፌዴራል ሕግም ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በሚሰጥ ብድር ላይ የ36 በመቶ ጣሪያ አስቀምጧል። መኪናን በመያዣነት የሚወስደው ታይትል ሎንም እንዲሁ አደገኛ ነው። መኪናው ከተወሰደ በምን ወደ ሥራ ይኬዳል?

መጀመሪያ ማንኳኳት ያለብን በር ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ ስኮር ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም የማየት ልማድ አላቸው። በፌዴራል ፈቃድ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ፔይዴይን የሚተካ አነስተኛ ብድር ይሰጣሉ፤ ወለዱ ከ28 በመቶ አይበልጥም፣ የማመልከቻ ክፍያውም ከ20 ዶላር አያልፍም። በኢንተርኔት የሚያበድሩ ድርጅቶችም አሉ። ብዙዎቹ ስኮር በማይነካ ቅድመ ማጣሪያ ወለዱን ያሳያሉና ከመወሰን በፊት ማወዳደር ይቻላል።

ሌላው መንገድ ኮሳይነር፣ ማለትም ዋስ ማቅረብ ነው። ጥሩ ስኮር ያለው ወንድም ወይም ጓደኛ ከፈረመ ወለዱ ሊወርድ ይችላል። ግን እሱ የፈረመው ምስክር ለመሆን አይደለም፤ እዳው ሙሉ በሙሉ የእሱም ነው። አንድ ክፍያ ቢዘገይ የሁለቱም ስኮር ሊጎዳ ይችላል። ዝምድና በዚህ ሲሻክር ማየት ያማል። ዋስ ስትጠይቁ ይህን ሳትደብቁ ንገሩት።

“ስኮር አናይም፣ ብድሩ የተረጋገጠ ነው፣ መጀመሪያ ግን 200 ዶላር ላክ” የሚል ስልክ ከተደወለ ዝጉት። ብድር ይገኝልሃል ብሎ በስልክ ቃል የገባ ሰው ብድሩ ሳይሰጥ ክፍያ መቀበሉ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው።

ብድር ከተከለከላችሁም ደብዳቤውን አትጣሉት። አበዳሪው ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ አለበት። የተጠቀመው የክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ መዝገብ ከሆነ የትኛው ተቋም እንደሰጠው ይነግራችኋል፤ እናንተም በ60 ቀን ውስጥ ቅጂውን በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሪፖርቱን መስመር በመስመር አንብቡት። የእናንተ ያልሆነ ሂሳብ ወይም የተከፈለ እዳ እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ስህተቱን ለኤኩፋክስ፣ ለኤክስፒሪያን ወይም ለትራንስዩኒየን፣ ማለትም ሪፖርቱን ላወጣው ተቋም፣ ከማስረጃ ጋር በጽሑፍ አመልክቱ። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም።